ከመጽሐፉ ጋር የሚሄደው የታርዛን ፊልም የቱ ነው? የቱን ቅጂስ ልይ?

የሐረግ ገመድ

የኤድጋር ራይስ ባሮውስን የመጀመሪያውን የታርዛን መጽሐፍ ጨርሻለሁ። አሁን ወደ ፊልሞቹ መግባት እፈልጋለሁ፣ ግን ከየት እንደሚጀመር ግራ ገብቶኛል። «ታርዛን ዘ ኤፕ ማን» ብሎ መፈለግ ብቻውን ሦስት የተለያዩ ፊልሞች ያመጣል።

መጽሐፉን በትክክል የሚከተለው የቱ ነው? መጽሐፉ ውስጥ ቺታ የሚባል ቺምፓንዚ የለም፤ ሰውዬውም መጨረሻ ላይ እንደ ማንም ጨዋ ሰው አቀላጥፎ ይናገራል። ታዲያ ያ «እኔ ታርዛን፣ አንቺ ጄን» የሚባለው ከየት መጣ? የ1934ቱ ፊልም ደግሞ ተቆርጦ ነበር ይባላል፤ ሙሉው ቅጂ መሆኑ በምን ይታወቃል? አንዱን ከ9 ዓመት ልጅ ጋር ነው የማየው፤ ለዚያስ የቱ ይሻላል?

ገጽ በገጽ

እቅጩን ልንገርህ፤ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር የተከተለ ፊልም የለም። በታሪኩ ፍሰት የሚቀርበው የመጀመሪያው ነው፣ የ1918ቱ ድምፅ አልባ «ታርዛን ኦፍ ዘ ኤፕስ»። የመርከቡ ዓመፅ፣ የባሕር ዳሯ ጎጆ፣ ልጇ የሞተባት አሳዳጊ እናቱ ካላ ሕፃኑን መውሰዷ፣ ሁሉም አለ። የተቀረጸው አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ፣ ሞርጋን ሲቲ አካባቢ ባለው ረግረግ ነው። ልጁን ጎርደን ግሪፊዝ፣ ጎልማሳውን ኤልሞ ሊንከን ይጫወቱታል፤ ለእኔ የልጁ ክፍል ከጎልማሳው እጅግ ይበልጣል። መጽሐፉን የያዘው ግን እስከ ግማሽ ነው። ቀሪው በዚያው ዓመት «ዘ ሮማንስ ኦፍ ታርዛን» ተብሎ ወጥቶ ነበር፤ ቅጂው ጠፍቷል።

ይህን ስታይ አንድ ነገር ተጠንቀቅ። የዚያ ዘመን ካሜራ በእጅ የሚዞር ነበር፤ በሰከንድ ከ16 እስከ 18 ምስል ገደማ ነው የሚቀርጸው። ይኼው በዛሬው ፍጥነት፣ በሰከንድ 24፣ ሲጫወት ሁሉም ሰው እንደ አሻንጉሊት ይጣደፋል። ቅጂህ እንዲህ ከሆነ ማጫወቻው ላይ ፍጥነቱን 0.75 አድርገው። ሙዚቃው ይጎተታል፣ ድምፁን ዝጋው፤ ከፊልሙ ጋር የተወለደ አይደለምና ምንም አይቀርብህም።

አሁን ወደ ዋናው። መጽሐፉን መጽሐፍ ያደረገው ንባቡ ነው። ልጁ በሞቱት ወላጆቹ ጎጆ ውስጥ ባለሥዕል የልጆች መጽሐፍ ያገኛል። ፊደሎቹን እንደ ጉንዳን ያሉ ትንንሽ ነፍሳት ናቸው ብሎ ነው የሚያያቸው። የልጅ ሥዕል ባለበት ሁሉ እነዚያው ሦስት ነፍሳት (b፣ o፣ y) በዚያው ሰልፍ ቆመው ያገኛቸዋል። እንዲህ እያመሳከረ፣ ማንም ሳያስተምረው፣ አንዲት የሰው ቃል በጆሮው ሳይሰማ ማንበብና መጻፍ ይለምዳል። ስለዚህ እንግሊዝኛ ይጽፋል፣ መናገር ግን አይችልም። የጎጆው በር ላይ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ይለጥፋል፤ ጄንና አብረዋት የመጡት አንብበውት፣ ይህን የጻፈው ታርዛንና ከአውሬ የሚያድናቸው ዝምተኛ የጫካ ሰው ሁለት ሰዎች ይመስሏቸዋል። አንደበቱ ሲፈታ ደግሞ የሚናገረው ፈረንሳይኛ ነው፤ አስተማሪው ፈረንሳዊው መኮንን ዳርኖ ነውና። በአንዱ ቋንቋ የሚጽፍ፣ በሌላው የሚናገር፣ በሦስተኛው ያደገ ሰው! ይህን የደፈረ ፊልም የለም።

ፊልሞቹ ሁሉ አስተማሪ ይቀጥሩለታል። የ1918ቱ ቢንስ የሚባል መርከበኛ ፈጥሮ እሱ ያስተምረዋል። በ1932ቱ ጄን፣ በ1984ቱ ዳርኖ፣ በ1999ኙ አኒሜሽን ደግሞ ጄን በመብራት የሚታዩ ሥዕሎች ይዛ ታስተምረዋለች። የሚያናድደው የ1918ቱ ነው። ድምፅ አልባ ፊልም በጽሑፍ ካርድ ነው የሚናገረው፤ የሚጽፍ እንጂ የማይናገር ሰው ለዚያ ፊልም በልኩ የተሰፋ ነበር፣ ጣሉት።

ስለ ቺታ፦ የፊልም ፈጠራ ነው። በኋለኞቹ መጻሕፍት ታርዛንን የሚከተለው ንኪማ የሚባል ትንሽ ጦጣ ነው። እግረ መንገዴን፣ አማርኛችን እዚህ ላይ ያስቸግራል። ጦጣም፣ ዝንጀሮም፣ ጉሬዛም ጭራ አላቸው። ታርዛንን ያሳደጉት ማንጋኒዎች ጭራ የላቸውም፤ ጎሪላም አይደሉም። መጽሐፉ ጎሪላን ቦልጋኒ ብሎ ለይቶ ይጠራዋል፣ ልጁም ከአንዱ ቦልጋኒ ጋር ተናንቆ ለጥቂት ነው ከሞት የሚተርፈው። ስለዚህ «በዝንጀሮ ያደገ» ማለት ልማድ ሆኖብን ነው እንጂ ልክ አይደለም። ነብርም እንደዚያው ነው። ባሮውስ በ1912 ታሪኩ መጽሔት ላይ ሲወጣ ሳቦርን ባለ መስመሩ የእስያ ነብር አድርጎ አፍሪካ ውስጥ አስገብቷት ነበር፤ በ1914 መጽሐፍ ሲሆን እንስት አንበሳ አደረጋት።

ጥቁርና ነጭ

ሦስቱን «ታርዛን ዘ ኤፕ ማን» በዓመት ለያቸው። የ1932ቱ ጆኒ ዋይዝሙለር ያለበት ነው፤ የምትፈልገው እሱን ነው። የ1959ኙ ዴኒ ሚለር ያለበት ሲሆን ከ1932ቱ የተወሰዱ ጥቁርና ነጭ ምስሎችን ቀለም ቀብቶ ይጠቀማል። የ1981ዱ የቦ ዴሬክ ነው፤ ታርዛን ለራሱ ፊልም እንግዳ ነው፣ ዝለለው። ሌላም ወጥመድ አለ፦ የ1920ው «ዘ ሪቬንጅ ኦፍ ታርዛን» እና የ1938ቱ «ታርዛንስ ሪቬንጅ» የሚገናኙት በስም ብቻ ነው።

ለምን ተሰባብሮ ይናገራል ላልከው፣ መልሱ ውል ውስጥ ነው። የፊልም ኩባንያው ኤም ጂ ኤም በ1931 ከባሮውስ የገዛው ገጸ ባሕሪውን ነው፤ የመጻሕፍቱን ታሪክ የመጠቀም መብት አልነበረውም። ስለዚህ በ1932ቱ ፊልም ጎጆ የለም፣ የሞቱ ወላጆች የሉም፣ ግሬይስቶክ የሚባለው የቤተሰቡ የማዕረግ ስም አይነሳም። ሰውዬው ከየት እንደመጣ አንድም ቃል አይነገርም። መጽሐፉ ላይ ከባልቲሞር የመጣችው አሜሪካዊት ጄን ፖርተር እንግሊዛዊት ጄን ፓርከር ሆነች። መጻሕፍት የሞሉበት ጎጆ ከሌለ ንባብ የለም፤ ንባብ ከሌለ ቋንቋው ከጄን አፍ የለቀመው ብቻ ነው። በዚያ ላይ ዋይዝሙለር ተዋናይ አልነበረም፤ በ1924 እና በ1928 ኦሎምፒክ 5 የዋና ወርቅ ያገኘ ዋናተኛ ነው። ትንሽ ቃል ለእሱም ለዳይሬክተሩ ለቫን ዳይክም ተስማማቸው።

«እኔ ታርዛን፣ አንቺ ጄን» የሚል ዓረፍተ ነገር ግን ፊልሙ ውስጥ የለም። ያለው እንዲህ ነው፦ በጣቱ ደረቱን ይነካል፣ «ታርዛን»፤ ደረቷን ይነካል፣ «ጄን»። ደጋግሞ፣ እየፈጠነ፣ እሷ እስክትማረር። ሁለት ስም፣ ሌላ ምንም። ያም ሆኖ የትዕይንቱ ጉልበት እዚያው ላይ ነው፤ አንድ ሰው ስም የሚባለውን ነገር እንደ መጫወቻ አግኝቶ አልለቅም ሲል ታያለህ። «ገጽ በገጽ» ካለው ጋር አልስማማም። መጽሐፉ የንባብን ተአምር ጻፈ፣ ፊልሙ የመጀመሪያዋን ቃል ተአምር አሳየ። ሁለቱም ስለ አንደበት ናቸው።

ዓይንህን የምትጥልባቸው ነገሮች አሉ። ጄን ስትደርስ ከአባቷ ጋር የአካባቢውን ሰዎች እየተዘዋወሩ የሚያዩበት ክፍል ላይ፣ ከኋላቸው ያለው ሕዝብ መጋረጃ ላይ የተጣለ ፊልም ነው። ቫን ዳይክ ለ1931ዱ «ትሬደር ሆርን» አፍሪካ ሄዶ ከቀረጸው የተረፈ ነው። ከፊት ያሉት ጥርት ብለው ከኋላ ያለው ሻከር ይላል፤ ጥላቸውም አይገጥምም። ዝሆኖቹ የእስያ ዝሆኖች ናቸው፣ ሰው ሠራሽ ትልልቅ ጆሮ ተለጥፎባቸዋል። ጆሮውን ትተህ ጀርባውን እይ፦ የአፍሪካ ዝሆን ጀርባው መሐሉ ላይ ይሰረጉዳል፣ የእስያው ወደ ላይ ይቀስታል፣ ግንባሩም ሁለት ጉብታ አለው። «ኡምጋዋ» የምትለዋ ቃልም የዚያው ስቱዲዮ ፈጠራ ናት፤ ና፣ ሂድ፣ ቁም፣ ለሁሉም ታገለግላለች። መጻሕፍቱ ውስጥ ያለው የማንጋኒ ቋንቋ ግን ቃላት ያሉት ነው፤ «ክሪጋ» ማለት ተጠንቀቅ ማለት ነው።

አሁን የ1934ቱ «ታርዛን ኤንድ ሂዝ ሜት»። ከተከታታዩ ምርጡ ነው፣ የተቆረጠውም እሱ ነው። መፈተኛው አንድ ቦታ ነው፦ ታርዛን ጄንን ከዛፍ ላይ ወደ ወንዝ ሲወረውራት የለበሰችው የከተማ ቀሚስ ተቀድዶ ይቀራል። ከዚያ ውኃ ውስጥ ረጅም የዋና ትዕይንት መምጣት አለበት፣ ራቁቷን ናት፤ የምትዋኘው ጄንን የምትጫወተው ሞሪን ኦሱሊቫን ሳትሆን የኦሎምፒክ ዋናተኛዋ ጆሴፊን ማኪም ናት። ትዕይንቱ ከሌለ፣ ወይም ልብስ ለብሳ ከሆነ የያዝከው ቅጂ የተነካካ ነው፤ ለየግዛቱ ሳንሱር ተብለው የተለያዩ ቅጂዎች ተሠርተው ነበር። ሙሉው 104 ደቂቃ ገደማ ነው። ግን ደቂቃ ብቻ አይተህ አትደንግጥ። በአውሮፓው የቴሌቪዥን አሠራር የተዘጋጀ ዲስክ በሰከንድ 25 ምስል ስለሚጫወት ሙሉው ራሱ ከ100 ደቂቃ ጥቂት ያነሰ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ሰዓቱን ትተህ ወንዙን ተመልከት።

የእነዚህ ፊልሞች ምስል ወደ አራት ማዕዘን የተጠጋ ነው፣ 1.37 ለ1። ቴሌቪዥንህ ማያውን ለመሙላት ከለጠጠው ዋይዝሙለር ድንገት ወፍሮ ታገኘዋለህ። ቅንብሩን 4 ለ3 አድርግና ግራና ቀኙ ጥቁር ይሁን።

ከ1932 እስከ 1948 ዋይዝሙለር 12 ሠርቷል። የመጀመሪያዎቹ 3 ይበቁሃል። በ1939 ልጅ ይጨምራሉ፤ የወለዱት አይደለም፣ ከአውሮፕላን አደጋ የተረፈ ሕፃን ነው፤ ያልተጋቡ ጥንዶች ልጅ ሲወልዱ ማሳየት በዚያ ዘመን ደንብ አይሞከርምና።

ታንቶር

ጥሩ ብላችኋል፣ ግን ባሮውስ ራሱ በዋይዝሙለር አነጋገር አልተደሰተም፤ የፈለገውን ለማሳየትም ገንዘቡን አውጥቷል። በ1935 «ዘ ኒው አድቬንቸርስ ኦፍ ታርዛን» የሚባለውን ተከታታይ የሠራው የእሱ ድርጅት የገባበት ቡድን ነው። 12 ክፍል ነው፣ ጓቲማላ ውስጥ የተቀረጸ። ታርዛኑ ኸርማን ብሪክስ በ1928 ኦሎምፒክ በአሎሎ ውርወራ ብር ያገኘ ሰው ነው፤ እንደ ተማረ ሎርድ ይናገራል፣ ጫካ ሲገባ ልብሱን ያወልቃል። የሚከተለውም ንኪማ ነው (የተጫወተው እንስሳ ግን ከ1932ቱ ቺታ ጋር ያው ነው፣ ጂግስ የሚባል ቺምፓንዚ)። የትኛውንም መጽሐፍ አይከተልም፣ ሰውዬው ግን የመጽሐፉ ሰው ነው። ጉዳቱ ድምፁ ነው፤ ፊልሙ ራሱ ሲጀምር ስለ ቀረጻው ይቅርታ ይጠይቃል። ከሥሩ የሚነበብ ጽሑፍ ከሌለው አትሞክረው። ከዚሁ ተከታታይ ተቆርጠው ሁለት ፊልሞች ወጥተዋል፣ አንዱ በዚያው በ1935፣ ሁለተኛው በ1938 «ታርዛን ኤንድ ዘ ግሪን ጎደስ» ተብሎ። የ1938ቱን አዲስ ፊልም ነው ብሎ የሚሸጥልህ ካለ እንዳትሸወድ።

ከዚያ በኋላ የሚናገር ታርዛን ለማግኘት እስከ 1959 መጠበቅ ነው። የጎርደን ስኮት «ታርዛንስ ግሬተስት አድቬንቸር» የሁሉ ቁንጮ ነው ባይ ነኝ። ጄን የለችም፣ ቺታ መጀመሪያ ላይ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ኬንያ የተቀረጸ ባለ ቀለም ነው። ፈንጂ የዘረፉ ወንበዴዎችን በወንዝ ማሳደድ ነው ታሪኩ፣ በቃ። ከወንበዴዎቹ አንዱ ሾን ኮነሪ ነው፣ ቦንድ ከመሆኑ ከ3 ዓመት በፊት።

የዘሩ ጉዳይ ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። ታርዛን ማለት በማንጋኒ ቋንቋ «ነጭ ቆዳ» ማለት ነው፤ ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። የ1932ቱ ላይ ተሸካሚው ገደል ሲገባ ወዲያው የሚጠየቀው ስለ ተሸከመው ጭነት ነው። የ1999ኙ አኒሜሽን አፍሪካውያንን ጨርሶ በማውጣት ነው ያመለጠው፤ አፍሪካ ውስጥ አንድም አፍሪካዊ የለም። ፊት ለፊት የገጠመው የ2016ቱ «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ታርዛን» ብቻ ነው። ታሪኩን የቤልጂየም ንጉሥ የሊዮፖልድ 2ኛ ኮንጎ ውስጥ አስገባው። ሳሙኤል ጃክሰን የሚጫወተው ጆርጅ ዋሽንግተን ዊልያምስ በእውነት የነበረ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ በ1890 ለሊዮፖልድ ግፉን የሚያጋልጥ ግልጽ ደብዳቤ ጽፏል፣ በሚቀጥለው ዓመት ሞቷል። ክፉው ሌዮን ሮምም እውነተኛ መኮንን ነበር። ፊልሙ አዞ ያስበላዋል፤ እውነተኛው ግን እስከ 1924 ኖሯል። የጎሳ አለቃው ምቦንጋም ከመጽሐፉ የተሻለ ቦታ አግኝቷል። መጽሐፉ ላይ ካላን የገደለው የምቦንጋ ልጅ ነው፣ ታርዛን ይገድለዋል፣ የአባትየውን ኀዘን ማንም አይጠይቅም። ፊልሙ ይጠይቃል። ድካሙ ሌላ ቦታ ነው፦ የልጅነቱን ታሪክ ቆራርጦ በትዝታ መልክ ስለበተነው መጽሐፉን ላላነበበ ይበጣጠስበታል።

ሞንታዥ

«ግሬይስቶክ»ን ለብቻው እንየው፤ አንድም ሰው በቅጡ አላነሳውም። 1984፣ ዳይሬክተር ሂዩ ሃድሰን፣ ታርዛን ክሪስቶፈር ላምበርት። የመጀመሪያው አጋማሽ እስካሁን ከተሠራው ሁሉ ለመጽሐፉ ልጅነት በስሜት የሚቀርበው ነው፣ በታሪክ የሚቀርበው የ1918ቱ ቢሆንም። ካሜሩን የተቀረጸ ነው። ማንጋኒዎቹ ሪክ ቤከር በሠራቸው አልባሳት ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ለረጅም ጊዜ አንድ ቃል ሳይነገር ትከተላቸዋለህ፣ አይሰለችህም። ታርዛን የሚለው ቃል በፊልሙ ሙሉ ርዕስ ውስጥ አለ፤ ከተዋናዮቹ አፍ ግን አንዴም አይወጣም።

ሁለተኛው አጋማሽ ስኮትላንድ ነው፣ እዚህ ከመጽሐፉ ይለያል። ዳርኖም ቤልጂየማዊ ሆኗል። መጽሐፉ ላይ ታርዛን ርስቱንና ማዕረጉን ለአጎቱ ልጅ ሲል በዝምታ ይተዋል፤ ፊልሙ ላይ የሚመለሰው ቤተ መንግሥቱ ስላልበቃው ነው። ስክሪፕቱን የጻፈው ሮበርት ታውን ውጤቱን ስላልወደደው ስሙን አንስቶ በውሻው ስም አስመዘገበው፣ ፒ ኤች ቫዛክ። ውሻው ለኦስካር ታጨ። የጄንን ድምፅ ልብ ብለህ ስማው፤ የምታያት አንዲ ማክዳወል ናት፣ የምትሰማት ግሌን ክሎዝ። በ1999ኙ አኒሜሽንም ካላን የምትናገረው ይህችው ግሌን ክሎዝ ናት። በአንዱ ፍቅረኛ፣ በሌላው እናት ማለት ነው።

ለ9 ዓመት ልጅ ይህን አታሳይ። ደም አለ፣ መጨረሻ አካባቢ ያለው የማንጋኒው ሞትም ከባድ ነው። የ1999ኙን አኒሜሽን አሳየው፣ 88 ደቂቃ ነው። ሁለት ቦታ ግን አጠገቡ ሁን፦ መጀመሪያ ላይ ካላ ጎጆው ውስጥ ስትገባ የነብሯ ደም ያለበት ዱካና የወላጆቹ ጥላ ይታያል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ክፉው ክሌይተን ሐረግ ተጠምጥሞበት ሲወድቅ በመብረቅ ብርሃን የተሰቀለ ጥላው ብልጭ ይላል። መጽሐፉን ያነበበ ደግሞ ሚናው እንደተገለባበጠ ይወቅ። መጽሐፉ ላይ የታርዛንን አባት የሚገድለው ከርቻክ ነው፣ በኋላም ታርዛን ይገድለዋል። አኒሜሽኑ ጥፋቱን ወደ ሳቦር አዛውሮ (እሷንም ነብር አድርጎ) ከርቻክን ኩሩ አባወራ አደረገው። ጨካኙ ቴርኮዝ ቴርክ የምትባል ቀልደኛ ጓደኛ ሆነች። ከነክህደቱ፣ የካላና የልጇ ነገር ግን ከሁሉም በላይ እዚህ ነው የተሠራው። ትንሹ ልጅ ፊቱን በጭቃ ለውሶ ለምን እንደማይመስላቸው ሲጠይቅ፣ እጁን ከእጇ ጋር ታስተያየዋለች፣ ከዚያ ጆሮውን ደረቷ ላይ ታስደግፈዋለች፤ የልብ ምት ነው መልሱ።

የሐረግ ገመድ

በጣም አመሰግናለሁ። እንግዲህ 1918፣ 1932፣ 1934፣ 1959 (የጎርደን ስኮቱን)፣ 1984 ብዬ እሄዳለሁ፣ አኒሜሽኑ ለልጁ። አንድ ትንሽ ነገር ቀረችኝ። መጽሐፉ ላይ በሐረግ እየተወዛወዘ ሲሄድ እምብዛም አላየሁም። አምልጦኝ ነው?

ጥቁርና ነጭ

አላመለጠህም። መጽሐፉ ላይ የሚሄደው ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ በእጁ እየተወረወረ ነው። ገመድ አለው፣ እሱ ግን ከሣር የገመደው ነው፤ ሸምቀቆ አድርጎ የካላን ባል ቱብላትን ያናድድበታል፣ አውሬ ያጠምድበታል።

ሐረግ ላይ መወዛወዝ በተፈጥሮም አይመችም። የጫካ ሐረግ ሥሩ መሬት ውስጥ ነው፣ ከታች ተነስቶ ዛፉን ተጠማዞ ነው የሚወጣው። ስለዚህ የታችኛው ጫፉ የተያዘ ነው። መጀመሪያ ከሥር መቁረጥ አለብህ፤ ከቆረጥከው በኋላ ደግሞ ላይኛው ጫፍ በምን ላይ እንደተጠመጠመ፣ ክብደትህን ይቻል አይቻል ከታች ሆነህ አታይም። አንዱን ለቅቀህ ሌላውን ለመያዝ ደግሞ የሚቀጥለው ሐረግ በትክክለኛው ርቀትና ከፍታ ተንጠልጥሎ መጠበቅ አለበት። ያ የሚገኘው ሰርከስ ውስጥ ነው፣ ኤም ጂ ኤምም ያመጣው ከሰርከስ ነው፦ በሩቅ ከሚታዩት ዝላዮች ውስጥ የትራፔዝ (በገመድ የተንጠለጠለ ተወዛዋዥ ብረት) ባለሙያው አልፍሬዶ ኮዶና የዘለላቸው አሉ። የ1934ቱን ስታይ ምስሉን አቁመህ እጁን ተመልከት። ሐረግ የያዘ ሰው ሁለት እጁ አንዱ ከሌላው በላይ ነው የሚሆነው። ሁለቱ እጆች ጎን ለጎን፣ በትከሻ ስፋት ከሆኑ የያዘው የትራፔዝ ብረት ነው።